ገንዘቡ ሳይደርስ የሞተችው ከተማ

ሰኞ

ከተማዋ ገንዘቡ ሳይደርስ ሞተች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ይሄ ነው፤ ደጋግሜ ቼክ አድርጌዋለሁ።

ፋብሪካዎች ጭስ ለመልቀቅ ፈቃድ ይገዛሉ። ከፈቃዱ የሚገኘው ገቢ ለድሃ አገሮችም ይካፈል የሚል እቅድ አለ፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ያለው የእኛ ቢሮ መዘዝ ይኖረው እንደሆነ ይመረምራል። አገሬም ተካፋይ ናት። ከዓመታት በፊት ገንዘቡ ለሙከራ የተላከው ለአንዲት የጫማ ሠሪዎች ከተማ ነበር። ፋይሉ በአማርኛ ስለሆነ ለእኔ ተሰጠኝ። የጫማው ሽያጭ የወደቀው ግን ገንዘቡ ከመግባቱ ከዓመታት በፊት ነው። ምን ሸቷቸው?

አለቃዬ ክሌር ወሬው ቀድሞ ደርሶ ይሆናል አለች። ወሬ ሱቅ ይዘጋል እንዴ?

ማክሰኞ

ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ግራፉ ላይ እንዳፈጠጥኩ መብራቱ ጠፋ። ሰው ካልተንቀሳቀሰ በራሱ የሚጠፋ መብራት ነው። እጄን አወዛወዝኩ፤ አልበራም። ተነስቼ ቆምኩ፤ አልበራም። እንደሌለሁ ቆጠረኝ። ክሌር ስትገባ ወዲያው ቦግ አለ። በስመ አብ ብዬ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ

ፊንስበሪ ፓርክ አውቶቡስ ስጠብቅ ለእህቴ ለሂሩት ደወልኩ። አዲስ አበባ ጫማ ታሠራለች፤ የቀጠረቻቸው ሴቶች ሁሉ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። እቅዱን ሰምታ ደስታዋ ልክ የለውም። "ገንዘብ ሊገባ ነው አይደል? በብድር ማሽን ልጨምር ነው!"

ስለዚያች ከተማ ጠየቅኳት። "አሁንማ ማን አለ፣ ሁሉም ዘግቷል። በደህናው ጊዜ ግን፣ የሰርጌን ጫማ የገዛሁት እዚያ አይደል እንዴ? በመዶሻው ድምፅ መነጋገር አይቻልም ነበር" አለችኝ።

ሰርጓ ላይ ነበርኩ፤ ዓመቱን አስታውሳለሁ። በእኔ ግራፍ ከተማዋ ያኔ ካለቀላት ቆይቷል። ታዲያ ለእህቴ ጫማ የሸጠላት ማን ነው? አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ አልተሳፈርኩም።

ሐሙስ

አገኘሁት! ሻወር ውስጥ። ፋይሉ ላይ ያሉት የሽያጭ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ እኔ ግን ገንዘቡ እንደተላከበት ቀን እንደ ፈረንጅ ዓመት አስገባኋቸው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ! ክሌር ከየት ታውቀው? በየመስከረሙ እዚሁ ሆሎዌይ እንቁጣጣሽ የማከብረው ሰውዬ፣ ኩም አልኩ። ደግሞም ደስ አለኝ። እየሳቅኩ ቢሮ ገባሁ።

አስተካክዬ እንደገና ሳየው ሳቄ ቆመ። ውድቀቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ገንዘቡ ገባ። ኪራይና ደመወዝ ናረ። ጫማው ተወደደ፣ ከውጭ የሚመጣው ከእሱ ረከሰ፣ ሱቆቹ ተራ በተራ ተዘጉ። የሰኞው ነገር እንደ መንፈስ ነው ያስፈራኝ። የዛሬው ይብሳል፤ ምክንያት አለው። አሁን ደግሞ ገንዘቡ ለአገሪቱ በሙሉ ሊላክ ነው። ሂሩትም አለችበት።

ዓርብ

ስብሰባ። ስለ ዓመቱ ስነግራቸው የክሌር ፊት በራ፤ "ስህተት ነበር ማለት ነው?" አለች። አዎ ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። ገንዘቡ እኮ ክሊኒክ ይሠራል፣ ለወገኔ ነው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው እንቅፋት የምሆነው? ዓመቱ ስህተት ነበር፣ ውድቀቱ ግን እውነት ነው አልኩ። ቀስ እያለ ይግባ፣ አምራቾቹም ይደገፉ አልኩ። በመጨረሻ ክሌር ሪፖርቱ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምርበት አለችኝ። አንድ አንቀጽ።

ወጥቼ ለሂሩት ደወልኩና ማሽኑን ተይው አልኳት። ገንዘቡ ቀረ እንዴ ብላ ደነገጠች። ኧረ ይመጣል አልኳት።

"ታዲያ ምንድን ነው የሚያስፈራህ?"

"መምጣቱ።"

ለካ የማሽኑን ቀብድ ትናንት ከፍላለች። ነገ ሄዳ ሻጮቹን ልትለምናቸው ነው፤ ይመልሱላት ይሆናል።