የአባባ ጭምብል

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

የአላህ ሰላም በአንቺና በልጆችሽ ላይ ይሁን። ዐውሎ ነፋሱ ጣሪያችሁን ማረላችሁ? ስልክ ከጠፋ ወዲህ ስለ እናንተ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እኔን ካልሽ ቆሜ እሄዳለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ይህን በጀልበኛው በሞኒር እጅ የላክሁልሽ።

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለሁት ነርስ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌሎቹን ጎርፉ አግዷቸዋል። ሦስት ሕመምተኞች ባንድ ላይ ገቡ። ባለሱቁ ኩዱስ “ጣቴ ደነዘዘ፣ መሞቴ ነው” እያለ ያለከልካል። እሱን የያዘው ድንጋጤ ነው፤ ቀስ ብለህ ተንፍስ ብዬ አስቀመጥኩት። ሙክታ የምትባል ልጅ የስኳር መድኃኒቷን ጎርፍ ወስዶባት ደሟ በአሲድ ተመርዟል። በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ ግን ስጠራት ትመልሳለች። ሦስተኛው አባባ ነበር። ተሸክመው ያመጡት ጎረቤቶች “ደክሟቸው ተኝተዋል፣ አትቀስቅሺያቸው” አሉኝ። እንቅልፍ አልነበረም፣ እህቴ። ያ የታመመ ሳንባው የተቃጠለውን አየር ማስወጣት አቅቶት፣ የእሱም ደም አሲድ እየሆነ ራሱን ሊስት ነው። ከሚጮኸው ይልቅ እንዲህ ዝም ያለው ይቀድማል።

የሙክታ እናት ልብሴን ጨምድዳ ይዛ፣ “አባትሽ ስለሆኑ ነው አይደል? የእኔዋ ሰው አይደለችም?” አለችኝ። ያለንን አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ አምጥቼ ጭምብሉን ለአባባ አሰርኩለት።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። “እዚህም አዛዥ ነሽ?” ብሎ ቀለደብኝ። ቀጥሎ ሴትዮዋን አያት። “ሴትዮዋ ለልጇ እያለቀሰች እኔን አትጠብቂ፤ ሂጂ” አለኝ። ሄድኩ።

የልጅቷ ደም ሥር እሺ አላለኝም። አግኝቼ መድኃኒቱን ጀምሬላት ስመለስ ጭምብሉ አባባ ደረት ላይ ነበር። ኩዱስ “ራሳቸው ናቸው ያወለቁት፣ ጠበበኝ ብለው” ይላል። አንዲት አስታማሚ ደግሞ ተንሸራቶ ነው ትላለች። የትኛውን ልመን? እጄ እስኪዝል ደረቱን ተጫንኩ፤ ሐኪሙ መጥቶ “በቃ” ብሎ እጄን ያዘኝ።

ሙክታ አሁን ትንፋሿ ረግቶ ውሃ ጠየቀች። እናቷ ከአጠገቤ አልተነሳችም፤ እህል ቅመሺ እያለች ትለምነኛለች።

ነገ ጎህ ሲቀድ ሞኒር ተመልሶ ሲመጣ እኔና አባባ በጀልባው እንመጣለን። ከእናታችን መቃብር አጠገብ ያለው መሬት ውሃው ሸሽቶለት እንደሆነ አጎታችን ይይልኝ፤ ካልሸሸ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግ። ልጆቹን ወደቡ ድረስ አታምጫቸው።

አላህ ትዕግሥቱን ለሁለታችንም ያውርድልን።

ታናሽ እህትሽ