የዩሱፍ እጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 1955

ዛሬም ዩሱፍ ሦስት የተጣመመ የብስክሌት ጎማ ቸርኬ አቃንቶ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሁለተኛውን ሳልጨርስ የእጄ አንጓ አበጠ። እኔና እሱ ከከተማው ግንብ ኤረር በር አጠገብ ፊት ለፊት ነው ብስክሌት የምንጠግነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳልወድ አየዋለሁ። ብስክሌት የሚያከራዩት ሐጂ ኡመር ለጊደር መጋላ ገበያ ብዙ ብስክሌት ሊያስጠግኑ ነው። "ዓርብ እመጣለሁ፤ ሥራውን እጁ ደህና ለሆነው እሰጣለሁ" አሉ። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። ይህ ሥራ ካመለጠኝ ደንበኛዬ ሁሉ ወደ እሱ መሻገሩ ነው።

ማክሰኞ

ሳላርፍ ዋልሁ። መሬት ተቀምጬ፣ አጎንብሼ፣ የቸርኬ ሽቦ ማጥበቂያ መፍቻዬን ጨብጬ። ዩሱፍማ ምን ቸገረው! ቸርኬውን ከጣሪያው በገመድ እስከ ደረቱ አንጠልጥሎ፣ ቆሞ ይሠራል። አንዱን ሲጨርስ መፍቻውን ያስቀምጥና የብስክሌት ካቴና ይጠርጋል፣ ጎማ ይነፋል። ሰነፍ! ሰነፍ ሆኖ እንዴት ይቀድመኛል? በንዴት አጥብቄ ሳዞር ሽቦው ተበጠሰ።

ማታ ጉርሻው ከእጄ ወደቀ። ባለቤቴ አስካለ "እጅህን አሳርፈው" አለች። "አንቺ ስለ ብስክሌት ምን ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ረቡዕ

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዩሱፍ እጅ ቢያብጥ ብዬ ተመኘሁ። ትንሽ፤ እስከ ዓርብ ብቻ። እሱ ጭራሽ ሻይ ይዞልኝ መጣ። እልሄን ዋጥ አድርጌ "እጅህን ምን ትቀባዋለህ?" አልኩት።

ሳቀ። "ወላሂ ምንም! እናቴ ስፌት ስትሰፋ አይቼ ነው። ሥራውን ወደ እጅህ አምጣው እንጂ እጅህን ወደ ሥራው አታጣምም ትላለች። ካመመህ በኋላማ ምን ዋጋ አለው፣ በቀለ? ገና ሳያምህ ቸርኬውን ትተህ ሌላ ሌላውን ሥራ።"

እጁ አልበቃ ብሎ እናትም አለችው!

ሐሙስ

አስካለም ስፌት ትሰፋለች። ስንት ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ገና አየኋት። ሌማቱን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋ፣ የወስፌዋን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ። ጥቂት ሰፍታ ትተወዋለች፤ አክርማ ትሰነጥቃለች፤ ትመለሳለች። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት፣ "ብስክሌት አላውቅማ!" አለች። ከዚያ ቀይ ጨርቅ ቀድዳ የመፍቻዬን እጀታ ጠቀለለችልኝ። በዩሱፍ መቅናቴ ሳይበቃኝ በሚስቴም እጅ ቀናሁ።

ዓርብ

ሐጂ ኡመር ከጁምዓ ሲመለሱ መጡ። ቸርኬ አላዩም። ዩሱፍን ጨበጡት፤ እኔንም ጨበጡኝ፣ ጠበቅ አድርገው። ጥርሴን ብነክስም ፊቴ አጋለጠኝ። ቸርኬው ሁሉ ለዩሱፍ ሆነ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንተ ለጊዜው የጎማ ማዞሪያውን ኩሽኔታ እያጠብክ የግራሶ ቅባት ቀባ። እጅህ ሲድን ቸርኬውንም ትካፈላላችሁ፣ ኢንሻአላህ" አሉ።

ሲድን። ይድን ይሆን?

እኔም ከጣሪያዬ ገመድ አንጠልጥያለሁ፤ ለጊዜው ባዶውን ነው። ማታ የሻይ ብርጭቆዬን በቀኜ አነሳሁ፤ አልወደቀም። አስካለ አይታኛለች። በዩሱፍ አሁንም እቀናለሁ፤ ብቻ ከዛሬ ጀምሮ እያረፍኩ ነው የምቀናው።