ወንድሜን ስላስቀጠቀጡልኝ አመሰግናለሁ

ለክቡር አቶ አካለ ወልድ፣
በቢቸና የታችኛው ሰፈር የሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ራስዎን አያምዎትም? ጎንዎ ደህና ነው? የቀኝ እጅዎ ጣቶችስ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው? ቁልፍ ይቆልፋሉ? ጉርሻ ይጠቀልላሉ? እንዲህ አካል በአካል የምጠይቅዎ ነርስ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ እርስዎ የሚመሩት ሰፈር ሰው ጠዋት ሙሉ አካል ይዞ ወጥቶ ለምሳ ጎድሎ የሚመለስበት መሆኑን በቅርቡ ስለተረዳሁ ነው። እኔ እንኳን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ሥርጉት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እርስዎ ሰፈር ነው፤ ሥራዬና ኑሮዬ ግን ሞጣ ነው። ከገበያው በታች ሰማያዊ በር ባለው ሱቅ ውስጥ ስልክ የሚጠግነው የስጦታው ታላቅ እህት ነኝ። የሚጠግነው ያልኩት ከልማድ ነው፤ ይጠግን የነበረው ማለት ነበረብኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ያልላክሁልዎ፣ ወንድሜን የከሰሱት በአደባባይ ስለሆነ መልሱም በአደባባይ ቢሆን ያምራል ብዬ ነው። ስለዚህ በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ስልክ ለሌላቸውም በእድሩ ቤት በር ላይ እንዲለጠፍ አሳትሜ ልኬያለሁ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ “የጮቄ ንስር ኤሌክትሮኒክስ” የተባለውን የቴሌግራም ቻናል ለሰፈሩ ስላስተዋወቁ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት፣ ቻናሉ ለእርስዎ አንዲት ፓወር ባንክ በቅናሽ ሸጦ በአውቶቡስ ላከልዎ፤ ደረሰች፣ ሠራችም። እርስዎም ነጭ ጋቢዎን ለብሰው፣ ፓወር ባንኳን ከፍ አድርገው ይዘው ፎቶ ተነሡና “እኔ ሞክሬዋለሁ፣ የታመኑ ናቸው፣ አትጠራጠሩ” ብለው በእድሩ ግሩፕ ላይ ለቀቁት። በእኛ አገር ሰው በሬ ሲገዛ እንኳ የበሬውን ጥርስ ከማየቱ በፊት የሻጩን ዋስ ይጠይቃል። ሰፈሩም ዋሱን እርስዎን አየና ጥርስ ማየቱን ተወው። ላፕቶፕ ያዘዘ አለ፣ ቴሌቪዥን ያዘዘ አለ፤ ባሏ የሞተባት ንጋት የምትባል ጎረቤታችን መናኸሪያው በር ላይ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ልትሸጥ ብላ ፍሪጅ አዘዘች። ከእርስዎ ፓወር ባንክ በቀር ቢቸና የገባ እቃ የለም። ያቺ ፓወር ባንክ መንጠቆ ላይ የምትሰካ ትል መሆኗን ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ ሰው ባይረዳ አልፈርድበትም።

ሁለተኛ፤ ወንድሜ ሊመክርዎ ሲሞክር ስላላዳመጡት አመሰግናለሁ። ለስልክዎ ከቨር ሊገዙ ሱቁ በገቡ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ “ጋሼ” ብሎ፣ ታናሽ ታላቁን እንደሚያናግር አድርጎ አስረድቶዎት ነበር። ከገበያው ዋጋ በግማሽ የሚሸጥ አዲስ ላፕቶፕ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ጭራሹኑ የለም። እውነተኛ ነጋዴ የገዛ ሰው አስተያየት ቢጽፍለት ይወዳል፤ እነዚህ ግን የአስተያየት መስጫውን ዘግተውታል። ሲደወልላቸው አያነሡም፤ በጽሑፍ ብቻ ይመልሳሉ፤ እቃውን በቪዲዮ አሳዩኝ ሲባሉ ኔትወርክ ይጠፋባቸዋል። ገንዘቡ አስቀድሞ ካልገባ እቃ አይንቀሳቀስም፤ የሚገባበትም የባንክ ሒሳብ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በየጊዜው በሚቀያየር ሰው ስም ነው። “ዛሬ ብቻ” የሚሉት ቅናሽ ከፋሲካ ጀምሮ ዛሬ ነው። ይህን ሁሉ ከነገረዎት በኋላ፣ በፍሪጁ ፎቶ ላይ የሚታየው የግድግዳ ሶኬት በእኛ አገር ቤቶች የሌለ ዓይነት መሆኑን በጣቱ ነክቶ አሳየዎት። ያቺ ጣት ዛሬ አትታጠፍም። እርስዎም “ምቀኛ! ገበያህን ስለወሰዱብህ ነው” ብለውት ከቨሩን ሳይገዙ ወጡ። ምክሩን እዚህ ደግሜ የጻፍኩት ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ ይህን ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ ነው።

ሦስተኛ፤ አውጫጭኝ ስለጠሩ አመሰግናለሁ። ወጉን የማያውቁ ልጆች ያነቡት ይሆናልና ላስረዳ። በድሮው ጊዜ በሬ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ይናገራል፤ ፊት ለፊት መናገር የፈራ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ሹክ ይላል፣ ማንነቱም እንዳይታወቅ “ወፍ” ይባላል። ደግ ወግ ነበር፤ የበሬ ሌባ ከአካባቢው አይርቅም፣ ኮቴም ይተዋል። እርስዎ ግን የት አገር እንዳለ፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይታወቅ የስልክ ሌባ ከሰፈሩ መሰብሰቢያ ወይራ ሥር ሊያወጡ፣ ሕዝቡን በሰንበት ከቅዳሴ መልስ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ሰው ራበው፤ ራበውና ተቆጣ፤ ሌባውን መፈለግ ትቶ ዋስ የሆነውን ሰው በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። ይህን ጊዜ ነው እርስዎ ተነሥተው “ወፍ ነግራኛለች” ያሉት።

ወፍዎ የነገረችዎ ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ በቻናሉ ላይ “ዋና መደብራችን” ተብሎ የተለጠፈው ፎቶ፣ ከነሰማያዊ በሩና ከነተሰነጠቀው ደረጃው፣ የስጦታው ሱቅ መሆኑን ነው። ስጦታው ያንን ፎቶ ራሱ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነበር፤ ሌቦቹ ወስደው የሱቁን ስም አጥፍተው የራሳቸውን ጻፉበት። የጻፏቸው ፊደሎች ከበሩ ጋር እንኳ አልገጠሙም፤ ፎቶውን ሰፋ አድርጎ ያየ ሁሉ ይታየው ነበር። ሁለተኛው የወፍዎ ቃል “ሌባ ካልሆነ የሌባን ጠባይ እንዲህ አንድ በአንድ በምን አወቀው?” የሚል ነው። በዚህ ሒሳብ እኔም ስለ ወባ ስለማውቅ ትንኝ ነኝ ማለት ነው።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ድብደባው ነው። የምጽፈውን ያየችው ባለቤቱ ማርያማዊት ናት፤ የቀረውን እኔ ከወንድሜ ገላ ላይ አንብቤዋለሁ። ስጦታው ለመናገር እጁን አነሣ። ያነሣውን እጅ ነው የያዙት። አንዱ ግንባሩን በድንጋይ አለው፤ ሲወድቅ ጎኑን በጫማ ረገጡት፤ ከዚያ እየጎተቱ ሱቁ በር አደረሱት። መስታወቱን ሰባበሩ፤ ሰው ለጥገና የሰጠውን ስልክ ሳይቀር ተቀራመቱት፤ ንብረቱ የተሰረቀበት ሕዝብ ሲሰርቅ ዋለ። ቀጥለው ክንዱን በዚያ በተሰነጠቀ ደረጃ ላይ ዘርግተው “የበላን ይህ እጅ ነው” አሉ። እርስዎ ከኋላ ጃንጥላዎን እንደያዙ “አትግደሉት፣ እጁን ብቻ!” ብለው ስላዘዙ፣ ነፍሱን ያተረፉልን እርስዎ መሆንዎን አልካድኩም። ዱላውን ያነሣው ባየ የሚባለው የወንድሜ የሠርግ ሚዜ ነበር። ማርያማዊት በስሙ ጠራችው። ቀና ብሎ አያት፤ አይቷት መታ። ደጋግሞ መታ። አጥንቱ ሲሰበር ሰምታለች፤ እስካሁን ማገዶ ሲሰበር ጆሮዋን ትይዛለች።

ሥራው ሳያልቅ የተቋረጠው አብዱራዛቅ ስለደረሰ ነው። ከሞጣ ስክሪንና ባትሪ የሚያመጣለት ነጋዴ ነው፤ እቃ ሊያደርስ መጥቶ ያን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ወንድሜ ላይ ተኛበት፤ ለስጦታው የወረደውን ዱላ በጀርባው ተቀበለ። በኋላ በፒክአፑ ጭኖ፣ ከሰፈሩ አርቆ እኔ ወደምሠራበት የሞጣ ሆስፒታል አመጣው። ወንድሜን በፊቱ አላወቅሁትም። ያወቅሁት በካልሲው ነው፣ እኔ የገዛሁለት ስለሆነ። ብዙ የተጎዳ ሰው አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን መርፌውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ወጣሁ።

አምስተኛ፤ እውነቱ ሲወጣ ከአቋምዎ ስላልተነቃነቁ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ራሱን ስቶ ተኝቶ ሳለ ቻናሉ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ለጠፈ። ለንጋትም “ፍሪጅዎ ደጀን ደርሷል፤ የማውረጃ ክፍያ ይላኩ” ሲል ጻፈላት። ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ ወደ እርስዎ ሮጠች፤ እጁ የተሰበረ፣ ነፍሱን የማያውቅ ሰው እንዴት ይጽፋል ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም “ግብረ አበር አለው” አሏት። እሷ ግን ቀጥታ ሞጣ መጥታ ወንድሜ አልጋ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ያን ዕለት ድንጋይ መወርወሯን የነገረችን ራሷ ናት። ከሰፈሩ ሁሉ የመጣች እሷ ብቻ ነች፤ እኔም ደብተራ ቅኔ ቢቀኝልኝ ያን ያህል አልጽናናም ነበር።

ስድስተኛ፤ ሽማግሌ ስለላኩ አመሰግናለሁ። ሱቁን ካሸጉ በኋላ፣ ማኅተሙ የሚነሣው ስጦታው “በስሕተት ሕዝብን ስላስቀየምኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ” በሚል ወረቀት ላይ ሲፈርም ነው አስባሉ። እኔም በየትኛው እጁ ይፈርም ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው “እንግዲያስ አሻራ ያድርግ” አለ። አውራ ጣቱ ጀሶ ውስጥ ናት። ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያርፍ። ተቃጥያለሁ። ወንድሜ ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ ብሎን በጣቶቹ እያነሣ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር፤ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ሚስቱ ትቆልፍለታለች፣ ምሳውን ሚስቱ ታጎርሰዋለች። ሐኪሙ ጣቶቹ ሊመለሱም ላይመለሱም ይችላሉ ብሎናል። ያን እርስዎ ሊመልሱት አይችሉም፤ እንዲመልሱም አልለምንዎትም። ስሙን ግን መመለስ ይችላሉ። ስጦታው ሞጣ እንዲቀር ብለምነው እምቢ ብሎኛል፤ ባደገበት ሰፈር፣ በዚያው በሩ፣ ቀና ብሎ መኖር ይፈልጋል። እርስዎ ሌባ ያሉትን ሰው ግን ቢቸና ሰላም አይለውም፤ ማርያማዊት ውኃ ስትቀዳ እንኳ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩባታል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። የፊታችን እሑድ፣ በዚያው ወይራ ሥር፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ይቁሙ። ወፍ የሚባል አልነበረም፤ ዋሱ እኔ ነበርኩ፤ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ፈርቼ ሌላ ሰው አቀበልኩ ብለው በገዛ አፍዎ ይናገሩ። ከዚያ ሄደው የሱቁን ማኅተም ይቅደዱ። ስለ ድብደባው ክሱን ለፖሊስ ሰጥተናል፤ እሱ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

ሰፈሩን በሰላም ለማኖር ቀን ከሌት ለሚደክሙት ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት፣ ከተሰባበረው መስታወት ስብርባሪ ጋር አንድ ላይ ጠርጌ እያቀረብኩ፣ ዕድሜዎ ይህን ደብዳቤ ደጋግመው እስኪያነቡት ድረስ እንዲረዝምልዎ የምመኝ፣

የስጦታው እህት
ሥርጉት
ሞጣ

ማስታወሻ፤ የጮቄ ንስር የሱቁን ፎቶ አንሥቶ የእርስዎን ለጥፏል። ጋቢዎን ለብሰው፣ ፓወር ባንኳን ይዘው፣ ከሥርዎ “ባለቤቱ አቶ አካለ ወልድ፣ ቢቸና” ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ቅዳሜ ከግንደወይን የመጡ፣ በቻናሉ ገንዘባቸውን የተበሉ ሰዎች ዱላ ይዘው ይህን ባለ ጋቢ ሲያፈላልጉ የወንድሜን ቤት በር አንኳኩ። ከሕክምና ተመልሶ ቤቱ የነበረው ስጦታው ወጣና፣ ፎቶው የተሰረቀ ነው፣ ሰውየው ሞኝ እንጂ ሌባ አይደለም ብሎ፣ ጀሶውን አሳይቶ፣ ለምኖ መለሳቸው። እርስዎ ያን ቀን ምሳዎን በሰላም የበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎቹ ግን ልባቸው ስላላመነ ከፊታችን እሑድ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እንመለሳለን ብለው ሄደዋል። ስጦታው በዚያ ቅዳሜ ለሕክምና ሞጣ ይመጣል። ቢቸና መጥቼ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እንግዳ አቅጣጫ ሲጠይቀኝ ደብቄ አላውቅም።