አርባ አንድ ሳጥን፣ አንድ ገመድ

ለአባዬ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬ ዓይኗ ደህና ነው? እህቴን በስልክ ስጠይቃት «ሁሉም ሰላም ነው» ብላ ትዘጋዋለች፤ ለእሷ ጣራው ቢፈርስም ሰላም ነው። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ማክሰኞ ግን ሥራ ላይ አንድ ነገር ደረሰብኝ። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልዎት።

ሥራዬን ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ አንድ ቀን እንኳ በወጉ አልነገርኩዎትም። ሆስፒታሉ ውስጥ ስልኩና ኮምፒውተሩ የሚገናኙባቸው አርባ አንድ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ ኮርኒስ ውስጥ፣ አንዱ ምድር ቤት፣ አንዱ የአምቡላንስ ጥሪ ከሚቀበሉበት ክፍል ጀርባ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ በአንድ ፕሮግራም አዛቸዋለሁ። የሳጥኑን ስም እጽፋለሁ፣ ትዕዛዙን እጽፋለሁ፣ እልካለሁ። የስሙን ቦታ ባዶ ከተውኩት ግን ትዕዛዙ ለሁሉም ይሄዳል።

አደገኛ ትዕዛዝ ከመላኬ በፊት አንድ ልማድ አለኝ፤ ከእርስዎ የወሰድኩት ነው። ጉድጓድ ሲወርዱ እማዬን «ገመዱን ካልነቀነቅኩልሽ ጎትቺኝ» ይሏት አልነበር? እኔም ሳጥኑን አስቀድሜ «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተው ካላልኩህ ጠፍተህ ተነሣ፣ እንደ ቀድሞህም ሁን» እለዋለሁ። ተሳስቼ መስመሩን ብዘጋው እንኳ ሳጥኑ ራሱ መልሶ ይከፍተዋል። ቢሮው ሁሉ ይህን «ገመድ» ይለዋል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጋዘን ባለ የመሞከሪያ ሳጥን መስመር የሚዘጋ ትዕዛዝ ልሞክር ነበር። ገመዱን ላክኩ። መልሱን ሳላይ አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ፣ ለድምጿ ስንል «መቶ አለቃ» የምንላት፣ «መሰላሉን ያዝልኝ እንጂ፣ ወድቄ ልሙትልህ?» ብላ ጮኸች። ያዝኩላት። ተመልሼ ዋናውን ትዕዛዝ ላክኩ። የስሙ ቦታ ባዶ መሆኑን ያየሁት ጣቴን ካነሣሁ በኋላ ነው።

«መልስ የለም» የሚል ጽሑፍ ኮምፒውተሬ ማያ ላይ ይወርድ ጀመር፤ አርባ አንድ ጊዜ። የጠረጴዛዬ ስልክ ሞተ። ጥሪ የምትቀበለው ሴት ደረጃውን በሩጫ ወጥታ «መሃል ላይ ተቋረጠብኝ፣ ሰፈሩን እንኳ አልነገረኝም» አለች። አባዬ፣ ያ ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ገመዱንስ ለማን ነበር የላክኩት? ስም ጽፌ ከነበረ የታሰረው የመጋዘኑ ብቻ ነው፤ አርባዎቹ ያለ ገመድ ጉድጓድ ወርደዋል። ማስታወስ አቃተኝ። የላክኳቸው ትዕዛዞች መዝገብ ያለበት ማሽንም አብሯቸው ዝም ብሏል። አለቃችን መጥቶ «ገመድ አስረሃል?» አለኝ። «አስሬያለሁ» አልኩት። ምላሴ ቀደመኝ። መቶ አለቃ ቁልፎቹን ይዛ ሮጠች፤ በእጅ አንድ በአንድ ቢከፈቱ ግን ውሎ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ከአሥሩ ደቂቃ ስድስቱ ይቀሩ ነበር። አለቁ። ምንም የለም። ሳጥን ጠፍቶ ሲነሣ ጊዜ ይወስዳል አልኩ ለራሴ፤ ራሴም አላመነኝም። ከዚያ የምድር ቤቱ መለሰ። ቀጥሎ የኮርኒሱ። ከዚያ አርባ አንዱም። ጥሪው የተቋረጠበት ሰውዬም እንደገና ደወለ፤ አምቡላንሱ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰለት።

አለቃችን በሰው ፊት ትከሻዬን መታ አድርጎ «ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ገመዱን አስሮ የሚወርድ! ሰኞ ለሁሉም ታስተምራለህ» አለ። መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። ገመዱንም ስም ሳልጽፍ ነው የላክኩት። ያዳነን ጥንቃቄዬ ሳይሆን አንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ መሥራቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ቢሮ ሄድኩ። ገብቼ ሁሉን ነገርኩት። «ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?» አለኝ። «ማንም። ግን ሰኞ ቆሜ ማስተማር አልችልም» አልኩት። የይለፍ ቃሌን ወሰደ። ለሦስት ወር መሰላል ላይ ሽቦ እዘረጋለሁ። መቶ አለቃ ከታች ይዛ «አደራ፣ ወድቀህ እንዳትሞትብኝ» እያለች ትስቅብኛለች።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እህቴን፣ ሰላም ነው ከማለቷ በፊት ቀና ብላ ጣራውን ትይ ይበሉልኝ። አናጢውን ጎረቤታችንን ሰላም ይበሉልኝ። የእሱን ጉድጓድ ሊጠርጉ በዚህ ዕድሜዎ ሊወርዱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ይተዉት ብል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ብቻ ገመዱን ራሴ አስሬዋለሁ ብለው አይመኑት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ይሳቡት። ከዚያ እማዬም ትሳበው።

ልጅዎ
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመሰላሉ ሥር
ዓርብ፣ ኅዳር 11 ቀን