ሦስት ሰው ወይስ አራት

ሰኞ፣ ጥር 20

ጠዋት የመኪና መለዋወጫ ሱቄን ሳልከፍት አብዲ መጥቶ ጎተተኝ። የከብት ደላላ ነው፤ ሰሞኑን ግን ለእኔ ጀልባ ያፈላልጋል። ጎረቤቴ ሐጂ ግቢ ሁለት ጀልባዎች ቆመዋል፣ ሁለቱም ከበርበራ የመጡ። እኔ የሄድኩት ለትንሿ፣ በአየር ለምትሞላው የጎማ ጀልባ ነበር። ሐጂ ግን ትልቁን የፋይበር ጀልባ አሳዩኝና የትከሻቸውን ፎጣ እጃቸው ላይ ጣል አድርገው ከሥር እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ ሙሉ እጃቸውን ጨበጥኩ።

«ተሸጠ!» አለ አብዲ።

ከብት ገበያ በፎጣ ሥር በጣት ሲደራደሩ ከሩቅ አይቻለሁ። ጀልባም እንደዚያ ይሸጣል ብዬ አላሰብኩም። አንድ ጣት አስር ሺህ፣ ሙሉ እጅ ሃምሳ ሺህ ብር ነው።

አስራ ሰባት ዓመት እዚህ ኖሬ!

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ግዢውን ላፍርስ ብዬ ሄድኩ። አብዲ ሳቀብኝ። «ወላሂ ግመል ቢሆን እስካሁን ታልብ ነበር።» ሐጂ አልሳቁም። «አንተ ጎረቤቴ ነህ። እስከ ዓርብ አስብ፣ ከፈለግክ ትንሿን ውሰድ» አሉኝ። አፈርኩ።

ጎማዋ፦ ሃያ ሺህ። ሦስት ሰው። ሚኒባስ ላይ ትጫናለች። እሾህ ከነካት አለቀላት።
ፋይበሩ፦ ሃምሳ ሺህ። አምስት ሰው። መቅዘፊያ ብቻ፣ ሞተር የለውም። አይሱዙ መለመን ሊኖርብኝ ነው።

እኔ፣ ልጆቼ ሣራና ናሆም። ሦስት። ሚስቴን አልማዝን ጽፌ ሰረዝኳት።

በ2010ሩ የከተማችን ግርግር ጊዜ ልጆቹን ይዛ ሐረር እህቷ ጋ ሄደች። ለሁለት ሳምንት ነበር። ትምህርት ቤት ገቡ፣ ቤት ተከራየች፣ እዚያው ቀሩ። እኔ ሱቁን ብዬ ቀረሁ። በወር አንዴ እሄዳለሁ፣ እንደ እንግዳ ሳሎን እተኛለሁ።

ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ውሃው ሲመለስ ነው ለልጆቹ አሣ እናጠምዳለን ብዬ ቃል የገባሁት። ከሐረር ቅርብ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ገባ፣ የፍሬን ሸራ ጠይቆ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ይኸው ነው።

ለሦስት ሰው ከገዛሁ፣ አትመጣም ብዬ ደምድሜያለሁ ማለት ነው። ለአምስት ገዝቼ ባትመጣስ? ባዶውን መቀመጫ ልጆቹ ያዩታል።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ደወልኩ። ሣራ፦ «አባ፣ መንጠቆ ገዛህ?» ገዝቻለሁ። ናሆም ትሉን ማን እንደሚይዝ ጠየቀ።

ከዚያ አልማዝ ስልኩን ተቀበለችው። ስለ ሁለቱ ጀልባዎች ነገርኳት፣ ስለ ፎጣውም። ሳቀች። ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቷል።

«እኔ ውሃ ላይ ምን አባቴ እሠራለሁ?» አለች።

ቀጥላ ጠየቀች፦

«ጃኬት አለው? እንዳይሰጥሙ የሚለብሱት?»

«ሦስት አለ።»

«ታዲያ እኔ ልስጠም?»

እሺ አላለችም። እንቢም አላለችም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያለችውን እንዳልረሳው ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ጥር 24

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ጋ ሄድኩ። «ትልቁን» አልኳቸው። ፎጣውን ሊያነሱ ሲሉ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አብዲ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አርባ ሁለት ሺህ ሰጠሁ። ለሐጂ ስምንት ሺህ ይቀረኛል። ያስጨመርኩት የአራተኛው ጃኬት ዋጋም ገና አልተከፈለም።