ያልተጠረገው አደባባይ

ይድረስ ለምወድዎ፣ ለምፈራዎ፣ በዚህ ሰሞን ደግሞ ላኮረፉኝ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዝዎታል? ዓይንዎስ? ይህን ደብዳቤ ራስዎ እያነበቡት ነው ወይስ እንደ ልማድዎ ትንሿ እህቴ እያነበበችልዎ ነው? እርሷ ከሆነች ከአሁኑ ልንገራት፤ የሚያስቆጣውን ቦታ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ ዛሬ የሚዘለል ነገር የለኝም። እናቴስ? ደም ግፊቷ ረገብ አለላት? በጓዳ በኩል የሚያፈሰው ጣራ ተደፈነ ወይስ ባልዲው አሁንም ሥራ ላይ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ጤነኛ ነው፤ ከእርስዎ ኩርፊያ በቀር የሚያመኝ የለም።

ደብዳቤዎን አከራዬ በበሩ ሥር አሾልካው አገኘሁት። ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። «ሁለተኛ ሰልፍ ብትወጪ ምርቃቴን አነሣለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ አለቀስኩ። ከቤት ስወጣ እጅዎን ራሴ ላይ ጭነው የመረቁኝ ምርቃት ነው በዚህ ማንም በማያውቀኝ ከተማ ያቆመኝ። እንባዬን ከጠረግሁ በኋላ ደግሞ ተናደድኩ። ልጅዎ አይደለሁ? ቁጣውን ከማን ወረስኩት? ነገ እሑድ ሰልፍ አለ፤ እወጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን ነገሩን ከእኔው አፍ ይስሙት፤ ከዚያ ምርቃቱን ቢያነሡም ያንሡ።

እኔ ሰልፍ ወዳድ ሆኜ አልተፈጠርኩም። እዚህ መጥቼ የመንገድ ጽዳት ከገባሁ፣ መጥረጊያ ከጨበጥኩ ጀምሮ ሰልፍ ለእኔ ቆሻሻ ነበር። ሌላው ሲጮህ ውሎ ቤቱ ይገባል፤ እኛ በማግስቱ የተቀደደ ወረቀት፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የተረገጠ ኮፍያ፣ አንድ እግር ጫማ እንለቅማለን። «ምን አተረፉ?» እያልኩ ነበር የምጠርገው። ቃሉ የእርስዎ ነው። በወጣትነትዎ ሰልፍ ወጥተው፣ ጉልበትዎን ተመትተው ሲመለሱ የሆነውን ስንጠይቅዎ «ለውጥ ፍለጋ ወጥቼ በአንድ እግር ጫማ ተመለስኩ» እያሉ ያስቁን የለ? እኔም ያንኑ ሳቅ ይዤ ነው የኖርኩት።

ነገሩ የተቀየረው የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ለሦስተኛ ጊዜ ሲራዘም ነው። መጀመሪያ «ዝናቡ ይለፍ» አሉ። ቀጥለው «ወረቀቱ አልታተመም» አሉ። በሦስተኛው ምክንያት መስጠትም ሰለቻቸው። የሰፈራችንን ውሃ የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ ቤታችንን የሚያፈርሰውም የሚያስቀረውም ይኸው ምክር ቤት ነው፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ደግሞ ማን እንደመረጣቸው ራሳቸውም የረሱ ናቸው። ከእኛ መሀል ቀድማ «እኔ እወጣለሁ» ያለችው የሥራ ጓደኛዬ ናት። እጇም አፏም ስለማያርፍ ሞተር እንላታለን። እንኳን እኛን ድንጋይ ታስነሣለች። እርሷ ከወጣች እኛ ምን አፍ አለንና እንቀራለን?

እሑድ ከጠዋቱ ሥራ በቀጥታ፣ የደንብ ልብሳችንን እንደለበስን፣ መጥረጊያችንን እንደያዝን ሄድን። ቢያዩን ይስቁ ነበር። እኛ ስንጠርግ ጎን ለጎን አንቆምም፤ ሰያፍ ሠርተን ነው የምንሄደው። የፊተኛዋ የገፋችውን ከኋላዋ ያለችው ትቀበላለች፣ የእርሷን ደግሞ ሌላዋ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ አቧራው ጠርዝ ይደርሳል። ሰልፉም ላይ ማንም ሳያዝዘን እንደዚያው ሆነን ተገኘን፤ ሞተር ከፊት፣ እኛ ከኋላዋ በሰያፍ። አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር። አስተማሪው አለ፣ ነርሷ አለች፣ ሁልጊዜ ደጁን ጠርጉልኝ እያለ የሚጨቀጭቀን ባለሱቅ እንኳ አለ። እንደዚያ ቀን ጮኬ አላውቅም። ማታ ድምፄ ተዘግቶ ከአከራዬ ጋር በምልክት ነበር የምንነጋገረው።

አሁን የሠራነውን ጉድ ልንገርዎት። ሰዉ በሰላም ተበትኖ ሲያበቃ እኛ ቀረን። አደባባዩ ወረቀትና ጠርሙስ ለብሷል። እርስ በርስ ተያየን። የእኛ አደባባይ ነው፤ እንዴት አዝረክርከነው እንሂድ? ደግሞስ ነገ የምንጠርገው እኛው አይደለን? እጃችን አላስችል አለና ጠረግነው። ያውም አሳምረን! ከዓመት በዓል በፊት እንኳ እንደዚያ ጠርገነው አናውቅም። ፖሊሶቹ ዳር ቆመው እስክንጨርስ ጠበቁ፤ ስንጨርስ ሞተርን ይዘዋት ሄዱ። መጥረጊያዋንም ያዙ፣ «መሣሪያ» ብለው።

በዚያው ምሽት የከተማው ቃል አቀባይ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። ከጀርባው የእኛ አደባባይ፣ እንደ መስተዋት ጸድቶ። «ሰልፍ ተካሄደ የሚባለው ሐሰት ነው፤ እንደምታዩት ማንም አልነበረም» አለ። ሰዎች በስልክ የቀረጹትን «የድሮ ነው» አለ። እኛ አንዷ ቤት ተሰብስበን እያየን ነበር። መጀመሪያ አንዷ በሳቅ ፈረሰች፣ ከዚያ ሁላችንም አለቀስን። የገዛ ሰልፋችንን በገዛ እጃችን ጠርገን ደፋነው! ይህን ስሕተት ከእኛ በቀር ማን ይሠራዋል? ግን አባቴ፣ ማንም ካልነበረ ሞተርን ከየት አምጥተው አሠሯት? ልጆቿን በየተራ ቤታችን አሳደርናቸው። ትንሿ ልጅ «እማዬ ዛሬ የት ጠርጋ ነው ያመሸችው?» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጥያቄያችን ሁለት ሆነ፤ የምርጫው ቀንና ሞተር። ያን ቀን ዱላ ነበር፣ ጭስም ነበር፣ አልዋሽዎትም። ክርኔ ተገሽልጦ ነበር። ሰዉ ሲሮጥ ጫማው፣ ሻርፑ፣ ቦርሳው አደባባዩ ላይ ቀረ። ማታ ቃል አቀባዩ ያንኑ «ማንም አልነበረም» ደገመው። ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪያችን መጥቶ «ቶሎ ጥረጉ!» አለን። ከመሀላችን ትልቋ፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ሐሙስ የቀራት ሴትዮ፣ መጥረጊያዋን ግንቡ ላይ አስደገፈችና «ልጄ፣ እዚያ ማን ነበርና ነው የምንጠርገው? ማንም አልነበረም ብላችሁ የለ?» አለችው። ሌላውን መንገድ ሁሉ ጠረግን፣ ቱቦውንም ጠረግን። አደባባዩን ግን አልነካንም። ሰው ያልረገጠውን ምን ብለን እንንካ?

እንዲሁ ሰነበተ። የከተማው ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ በአውቶቡስ መስኮት ያየዋል። መጀመሪያ አንገቱን አዙሮ ማለፍ ነበር፤ ቆይቶ ወርደው የሚቆሙ መጡ። «ማንም ካልነበረ ይህ ሁሉ ጫማ የማን ነው?» ይባባሉ ጀመር። አንድ ጎልማሳ ሲፈልግ ቆይቶ የራሱን ጫማ አገኘ። ይዞት ይሄዳል ስል፣ አንሥቶ ገልብጦ አየውና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። እኔ መንገድ ማዶ ጋሪዬን ይዤ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ ራሱ ተቆጣጣሪው ከመሥሪያ ቤታችን ዘበኞች ጋር ወጥቶ ጠረገው። ምን ያደርጋል፣ ያየ አይቷል።

ብዙም ሳይቆይ ሞተር ተፈታች። ከስታለች፤ አፏ ግን አልከሳም። የእስር ቤቱ በር ላይ ስናቅፋት መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ልጆቿ ነው፣ ሁለተኛ «መጥረጊያዬስ?» ነው። ኤግዚቢት ነው ብለው አስቀርተውባታል። የምርጫውም ቀን ተቆረጠ ተባለ። ያመንኩ እንዳይመስልዎት፤ ማራዘም የለመደ እጅ ነው፣ ዝም ካልነው አራተኛም ይደግመናል። ነገም የምንወጣው ለዚህ ነው። እኔን ከአደባባዩ አንሥተው የሥጋ ቤቶቹ ቱቦ ላይ መድበውኛል፤ ሽታው ከልብሴ አይለቅም። ነገ ሰልፉ ላይ ከታየሁ ሰኞ ሥራ እንደሌለኝ ተቆጣጣሪው ነግሮኛል።

አሁን ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «ለራሳቸው ሲሉ ነው የፈቷት፤ ሰልፍ ምን ይፈይዳል፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ሰማዩን ማን ይረስ አለ፣ አባቴ? እኛ አንጠርግም ያልነው መሬቱን ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለውም ጽፈውልኛል። የብብቴ መጥረጊያ ነው፤ ቢነጥቁኝ ያመኛል እንጂ አልሞትም። «ዝም አይነቅዝም» እያሉም ነው ያሳደጉን። ያቺ ዝምታ ግን እርስዎን ስትበላዎ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሬዲዮው ስለ መንግሥት ሲያወራ ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጡ የነበረው ለምን ነበር? ሰልፍ ሁሉን ያስተካክላል ብዬ አልሟገትዎትም። የመጀመሪያው ሰልፋችን ምንም አላመጣም፤ ሞተርን ወሰደብን እንጂ። ሁለተኛው ግማሽ አመጣ። ያንንም ያመጣው ጩኸታችን ብቻ አይመስለኝም። ቤቱ ተቀምጦ የተከፋሁት እኔ ብቻ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ያን ሁሉ ጫማ አየ። አይቶ ደግሞ ነገ ከእኛ ጋር እወጣለሁ የሚል በየመንገዱ ገጥሞኛል።

ይህን የምጽፍልዎ ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ ባልዲ ደፍቼ ተቀምጬበት ነው። ሞተር ከአጠገቤ አዲስ መጥረጊያ ከእንጨቱ ጋር እያሰረች «ለአባትሽ ሰላም በይልኝ፣ ልጃቸውን ያበላሸኋት እኔ ነኝ» ትላለች። እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ የልጅሽ ክርን ድኗል ይበሏት፣ እውነትም ድኗል። ታላቅ ወንድሜን በጣም ናፍቄዋለሁ፤ ያን ጣራ ይድፈንና ባልዲው ጡረታ ይውጣ። አያቴ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሰላምታዬን እንደ ሰልፈኛ ጮክ ብለው ያድርሱልኝ። ትንሿ እህቴን ምንም ሳትዘል እዚህ ድረስ ስላነበበች ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ለእርስዎ ግን ሰላምታዬ ከአንድ ልመና ጋር ነው። በዚያ ሳምንት አደባባዩን ባየሁ ቁጥር ከአልጋዎ ሥር ያለው የቀኝ እግር ጫማ ትዝ ይለኝ ነበር። እናቴ ቤት ባጸዳች ቁጥር «ልጣለው» ትላለች፤ እርስዎ «እንዳትነኪው!» ይላሉ። ከንቱ ከሆነ ስለ ምን አስቀመጡት? ግራውን፣ ጉልበትዎን የተመቱ ዕለት መንገድ ላይ የቀረውን፣ በማግስቱ እንደ እኔ ያለች አንዲት ሴት ጠርጋዋለች። ክፋት አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ከዚያ ማንም አልነበረም ተባለ፤ እርስዎም እየዋለ እያደረ አመኑት። ምርቃቱን ማንሣት መብትዎ ነው። ያለ እርሱ መውጣት ይከብደኛል፣ ቢከብደኝም እወጣለሁ። ካላነሡት ግን በደብዳቤ አይጻፉልኝ። ያን ጫማ ከአልጋው ሥር ያውጡና አላፊ አግዳሚው በሚያየው ደጃፍ ላይ ያስቀምጡት። ይህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅዎ ሰው፣ ነበርኩ ይበሉት።

የአባቷ ልጅ
ከመንገድ ጽዳት ሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 20 ቀን