ጣራዋ ተመልሶ ተለጠፈ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ በንዴት ልፈነዳ ነው። ሰሞኑን ከሥራ መልስ ስለፋባት የከረምኩት ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ወደነበረችበት ተመልሳለች።

የድሮ መኪና ጣራዋ ዝቅ ሲል ነው የምታምረው። ሶ፣ የፕላስቲኳን ጣራ የተሸከሙትን ምሰሶዎች በቀጭን መጋዝ ቆርጬ፣ ከየምሰሶው ጥፍር የምታህል ቁራጭ አውጥቼ ጥዬ ነበር። የቀረኝ ጣራውን ዝቅ አድርጎ መለጠፍ ብቻ ነበር። ዛሬ ሊንውድ ካለው ሥራዬ ስመለስ መኪናዋ ከካርቶኗ እንደወጣች ሆና ጠበቀችኝ።

ይህን ያደረጉት የሚስቴ እናት ናቸው። «ተሰብራ አገኘኋት፤ አሳዘንከኝና ጠገንኩልህ» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። የጣልኳቸውን ቁራጮች ሳይቀር መነጽራቸውን አድርገው ከቆሻሻ ቅርጫት ለቅመው፣ እያንዳንዷን በየቦታዋ መልሰዋታል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሚስቴ ኪችን ገብታ አፏን ይዛ ትስቃለች።

እንደገና ልቆርጣት እንኳ አልችልም፤ ነገ ከቸርች ለሚመጡት እንግዶች ሊያሳዩዋት ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠዋታል።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። መብራት ሥር ይዤ ባገላብጣት፣ ባገላብጣት፣ የተለጠፈበት አይታይም። እኔ እንዲህ አድርጌ ለጥፌ አላውቅም።